ሥጋ የማይነካው ወጭት

አዴ ሙሚና ማረፋቸውን የነገረችኝ ልጃቸው ነጅማ ናት። ከድሬዳዋ ደውላ፣ "የብሩክ እናት፣ ኡሚ ወደ አኼራ ሄደች" አለችኝ። ስልኩን ዘግቼ አማተብኩ። ከዚያ ሳላስበው ወደ መደርደሪያው ሄጄ ትልቁን ወጭት አወረድኩት። አቧራ እንኳ አልነበረበትም። በነጠላዬ ጫፍ ጠርዙን ዙሪያውን ጠረግሁት፤ ጆሮዬን አስጠግቼ በጣቴ መታጠፊያ ቆርቆር አደረግሁት። ድምፁ ደህና ነበር።

እንዲህ ማድረግን የለመድኩት ከእሳቸው ነው። አዴ ሙሚና የሸክላ ዕቃ ሲያነሱ መጀመሪያ በጣት ይመቱትና አንገታቸውን ዘመም አድርገው ያዳምጡታል። የታመመ ልጅ ደረት የሚያዳምጡ ይመስሉ ነበር።

ግቢያችን ሐረር፣ ከፈላና በር ገባ ብሎ ያለ ነው። አምስት ቤት አንድ የውጭ በር ይጋራል። አያቴ ከሸዋ የመጡ ናቸው፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ወለድኩ። አዴ ሙሚና፣ አዴ በአገራችን እናት ማለት ነው፣ ከሃኪም ተራራ ወዲያ ካለ ገጠር በሙሽርነት ነው የመጡት። ባላቸው ቶሎ ሞቱ። ነጅማን ያሳደጓት ጭቃ አቡክተው ነው።

ምጣድና እንስራ የሚሠሩ ሴቶች ሌሎችም አሉ፤ ከገጠር አምጥተው ሸዋ በር ገበያ ያወርዳሉ። አዴ ሙሚና የሚታወቁት ግን በበዓል ዕቃ ነው። ለእንቁጣጣሽ በሚሠሩት ሳህን ላይ እውነተኛ አደይ አበባ በእርጥቡ ጭቃ ላይ ይጫናሉ፤ አበባውን እሳት ይበላዋል፣ መልኩ ይቀራል። የፋሲካ የዶሮ ወጭት ያዘዘ ሰው ክዳኑ ላይ እንቁላል የሚመስል እጀታ ያገኛል። ለእስላሞቹ በዓል ለዓሹራ የሚሠሩት የገንፎ ሳህን ግን እንደ ቅል የለሰለሰ ነው፤ ምንም ጌጥ የለውም። ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ብጠይቃቸው፣ ገንፎው ራሱ ጌጥ ነው አሉኝ።

"ሠራሁ" ሲሉ ሰምቻቸው አላውቅም። ከእሳት ደህና የወጣ ዕቃ ሲሆን "እሳቱ ሰጠን" ይላሉ። የፈነዳ ሲሆን "ወሰደ" ይላሉ፤ ገሉን ለቅመው ጓሮ ያስቀምጡታል። ገል አይጣልም ነበር። በድንጋይ አድቅቀው ከአዲሱ ጭቃ ጋር ይቀላቅሉታል፤ የድሮው ከሌለበት አዲሱ እሳት አይችልም ይሉ ነበር። ማንም ሰው የተሰበረ ዕቃ ይዞ ሲመጣ ደስ ይላቸዋል።

ስለ ትልቁ ወጭት ከመናገሬ በፊት የግቢያችንን ልማድ መናገር አለብኝ። ከእኛ ቢላዋ እስላሞቹ ጎረቤቶቻችን ሥጋ አይበሉም፤ ከእነሱም ቢላዋ እኛ አንበላም። ይህ በመካከላችን ቅሬታ ሆኖ አያውቅም፤ አባቶቻችን የኖሩበት ነው። በዓል ሲመጣ ግን አብሮ መብላት አለ። ስለዚህ ሁላችንም የምንበላውን እናቀርባለን፦ ገንፎ በቅቤና በማር፣ ዳቦ፣ የምስር ሳምቡሳ። የብርጭቆ ሳህን ቢሆን ታጥቦ ለሁሉም ይሆናል። ሸክላ ግን እንደዚያ አይደለም። አዴ ሙሚና "ሸክላ ይጠጣል፤ የጠጣውንም አይረሳም" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ቅባት የገባበት ሸክላ ከርሞም ሲሞቅ ያንኑ ይሸታል።

ስለዚህ ለግቢው አንድ ሥጋ የማይነካው ወጭት ሠሩ። ሰፊ ነው፤ ሁለት እጅ ካልያዘው አይነሳም። ጭቃው ሳይደርቅ ወደ ቤቴ መጥተው፣ በሆሣዕና በራሳችሁ ላይ የምታስሩት ያ ቅጠል አለሽ ወይ አሉኝ። ዳዊቴ ውስጥ የተጎነጎነ ዘንባባ ነበረኝ። መስጠቱ ከበደኝ፤ የንስሐ አባቴን ጠየቅሁ። ሳቅ ብለው፣ "ዘንባባ ጌታን የተቀበልንበት ነው። እንግዳ በሚቀበል ዕቃ ላይ ቢያርፍ ምን ይለዋል?" አሉኝ። ሰጠሁ። አዴ ሙሚና የጠርዙን ግማሽ በዘንባባው ጉንጉን አተሙት። ሌላውን ግማሽ ዘሀራ ባመጣችው የሰበዝ ስፌት አተሙት፤ ዘሀራ ባለ ስፌት ጎረቤታችን ናት፣ ቤቷ ግድግዳው ሁሉ በስፌት የተሸፈነ ነው። ሁለቱ ጌጥ የሚገናኝበት ቦታ ላይ አዴ ሙሚና አውራ ጣታቸውን ተጫኑበት። ክዳኑንም እንዲሁ አደረጉት።

ወጭቱ በየዓመቱ ተራ እየጠበቀ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። ያስቀመጠው ቤት አደራ አለበት።

ነገሩ የሆነው ፋሲካ በረመዳን ውስጥ በዋለበት ዓመት ነው። ወጭቱ እኔ ቤት ነበር።

በዚያን ጊዜ የአዴ ሙሚና ጣቶች አልታጠፍ ብለው ነበር። ጠዋት ጠዋት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፏቸዋል፤ እስከ ቀትር ድረስ ትንሽ ይታዘዛሉ፣ ከዚያ ይደርቃሉ። ትንንሽ ዕቃ እንኳ ትተው ነበር። ነጅማ ድሬዳዋ ልትወስዳቸው ቆርጣ፣ ለኢድ እዚያ እንዲሆኑ ተስማሙ። ከእኛ ጋር የሚቀመጡበት የመጨረሻው ማዕድ የፋሲካ ማታ ሆነ፤ እኛ በዓላችንን ውለን፣ እነሱ ጾማቸውን የሚፈቱበት ሰዓት ላይ። አንድ ነገር ብቻ ለመኑን። "በዚያ ወጭት አንድ ጊዜ ከሁላችሁ ጋር ልብላና ልሂድ" አሉ። ሌላ እንደማይሠሩ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኛም እናውቃለን።

በዚያው ወራት አንድ አዲስ ጎረቤት መጥታልን ነበር። ውባለም ትባላለች፤ ባሏ ለመንግሥት ሥራ ከጎጃም ተዛውሮ ነው የመጣው። ልጅ እግር ናት፤ ጡት የሚጠባ ልጅ ይዛ ነበር። ደግ፣ ሥራ የማይሰለቻት። ነገር ግን አዴ ሙሚና ባለፉ ቁጥር የልጁን ፊት በነጠላዋ ትሸፍን ነበር። በአገሯ ሸክላ ሠሪ ዓይኗ ይወጋል ተብላ ነው ያደገችው። እኔ አየሁ፤ አፈርኩ። አዴ ሙሚናም አዩ። ዘሀራ ተቆጥታ ልትናገራት ስትነሳ እጇን ያዙና፣ "ተያት፤ ልጇን ከነፋስ ትሸፍነው" አሏት።

የፋሲካ ዋዜማ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ውባለም ልጁ ትንሽ ስላተኮሰው ቀረች፤ ወጤ እንዳያር እንድትጠብቅልኝ የቤቴን ቁልፍ ሰጠኋት። ጎህ ሲቀድ ተመለስኩ። ቤቱ ተጠርጓል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል። ገበታው መካከል ትልቁ ወጭት ክዳኑን ደፍቶ ተቀምጧል። ውባለም ፊቷ በርቶ፣ "እትዬ፣ እንኳን አደረሰዎት። ዕቃው ሲያምር ጊዜ፣ ለዛሬ ካልሆነ ለመቼ ነው ብዬ ዶሮውን በእሱ አቀረብኩት" አለችኝ።

ክዳኑን አነሳሁ። ቀዩ ወጥ እስከ ጠርዙ ሞልቶ፣ ቅቤው በዘንባባው ምልክት ውስጥ ቦይ ለቦይ ወርዶ ነበር።

በእሷ አልፈርድም። በአገሯ ሁሉም አንድ ቢላዋ ነው የሚበላው፤ እንዲህ ያለ ዕቃ መኖሩን የነገራት የለም። ቀስ አድርጌ ነገርኳት። ገበታው አጠገብ ቁጭ አለች፤ አላለቀሰችም፤ እጆቿን ብቻ አየቻቸው። "ዛሬ ማታ ነው?" አለች። አዎ አልኳት።

ወደ አዴ ሙሚና ቤት ሄድኩ። የንጋት ሶላት ሰግደው ምንጣፋቸው ላይ ነበሩ።

"አዴ፣ ወጭቱን ሥጋ ነካው" አልኳቸው።

"ማን?" አሉ።

"ውባለም። ሳታውቅ ነው።"

መቁጠሪያቸውን አስቀመጡ። ምን እንደሚሉ ፈርቼ ቆሜ ነበር። "በልታለች?" አሉኝ።

"አልበላችም።"

"ሁለት ወር ጾማ ሳትበላ? ሂጂ፤ ወጡን በሌላ ዕቃ ገልብጡና ብሉ። በዓላችሁ ነው። ስትጨርሱ ባዶውን አምጪልኝ።"

ባዶውን ይዤ ስመጣ ዘሀራ ሰምታ ኖሮ በር ላይ ቆማለች። እሷ ነገር ሲከብድ ቀልድ ይቀናታል። ከፈረስ መጋላ ገበያ አንድ ትልቅ የቻይና ሳህን ገዝተን ለምን አንገላገልም አለች። አዴ ሙሚና ወጭቱን እያገላበጡ፣ "ግዢ። እኔን ግን በቻይና ሳህን አትሸኙኝም" አሏት። ዘሀራም፣ አዴ ዛሬ ክፉ ሆነዋል፣ ጾሙ ነው አለች። ሳቁ። ከዚያ ወጭቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት።

"ውሃ ይህን አያወጣውም። የጠጣውን የሚያስተፋው እሳት ነው" አሉ።

የተተኮሰ ሸክላ ተመልሶ እሳት ሊገባ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ይችላል፤ ግን ከፈነዳ ፈነዳ ነው። ያረጀ ሸክላ ቶሎ ይደነግጣል አሉኝ። ተዉት ልላቸው ፈለግሁ። ቢፈነዳ ያዩታል፣ ያንን አይተው ይሄዳሉ። እሳት ሳይገባ እንዲሁ ቢቀር ደግሞ ማዕዱ አይኖርም። በልቤ ጸለይኩ።

ፀሐይ ከፍ ስትል ከበሩ ውጭ፣ ሁልጊዜ ዕቃ ወደሚተኩሱበት ቁልቁለት ወረድን። ዘሀራ እንጨት ተሸከመች። እኔ ወጭቱንና ጃንጥላዬን ያዝኩ። አዴ ሙሚና ጎህ ሳይቀድ ከሚበሉት ከሱሑር ጀምሮ ምንም አልቀመሱም፤ ፀሐዩ ይወጋል፣ እሳቱም ሊጨመርበት ነው። መጀመሪያ በድንጋይ ጉልቻ ላይ ወጭቱንና ክዳኑን ደፍተው ከሥር ትንሽ ትንሽ እሳት ሰጡት። ደጋግመው አዞሩት። ዘሀራ እንጨት ልትጨምር ስትል፣ "ጭቃን ያጣደፈ ገል ይለቅማል" አሏት። እኔ ከላያቸው ጃንጥላ ይዤ ቆምኩ።

ጥቂት ቆይቶ ውባለም ስትወርድ አየኋት። በአንድ እጇ ልጁን አቅፋ፣ በሌላው ኩበት የሞላ ከረጢት እየጎተተች ነው። ማን እንደነገራት አላውቅም። ከረጢቱን አስቀመጠች። ከዚያ የልጁን መሸፈኛ ገልጣ፣ አዴ ሙሚና ጭን ላይ አስቀመጠችላቸው።

"ይያዙልኝ፤ እኔ ኩበቱን ልደርድር" አለች።

አዴ ሙሚና ልጁን አዩት፤ እሱም አያቸው። ከዚያ ቀና ብለው፣ "ሸፍኚው እንጂ ልጄ፣ ጭሱ ዓይኑን ያቃጥለዋል" አሏት።

ዘሀራ ፊቷን አዞረች። እኔም ጃንጥላውን ዝቅ አደረግሁት።

ውባለም በእሳቸው ምሪት ኩበቱን ዙሪያውን ደረደረች። እሳቱ ሲይዝ የቅቤና የበርበሬ ሽታ ወጣ፤ ጭሱ ጥቁር ነበር። በመካከሉ አንድ ነገር ጧ አለ። አዴ ሙሚና ልጁን እንዳቀፉ፣ ራሳቸውን ሳያነሱ፣ "ክዳኑን ወሰደ። ትልቁን ይተውልን" አሉ።

ከዚያ ወዲያ የነበረው ጊዜ ረጅም ነው። ጭሱ እየሳሳ ሄደ፣ ነጣ፣ በመጨረሻም ጠፋ፤ ሽታውም አብሮ ጠፋ። ቅባቱ አልቋል አሉ። ፍሙ ውስጥ እንዲበርድ ተውነው። ዘሀራ ልትነካው ስትል በዱላ እጇን መታ አደረጓት። ሊነካ በሚችልበት ሰዓት በእንጨት ስበው አወጡት፤ አመዱን በጨርቅ ጠረጉለት፤ አንገታቸውን ዘመም አድርገው በዚያ በማይታጠፍ ጣታቸው መቱት።

እንደ ደወል ባይሆንም ሙሉ ድምፅ ነበር።

"ሰማሽ?" አሉኝ። "ሰጠን።"

ድሮ ቀይ የነበረው ወጭት በአንድ ጎኑ ጥቁር ደመና መስሏል። ጥቁሩ ዘንባባውንም ስፌቱንም እኩል ይዞታል። ገና ሙቅ ሳለ በጎመን ዘር አሟሹት። የክዳኑን ገል ግን አንድ በአንድ ለቅመው በሻሻቸው ቋጠሩት።

ያን ዕለት ማታ አዛን ሲል ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። ጾመኞቹ ተምር ቀመሱ፣ ውሃ ጠጡ። ገንፎው በወጭቱ መጣ፤ መካከሉ ላይ ቅቤና ማር። በላይ ክዳን ስላልነበረው ዳቦ መሸፈኛ ነጠላ ደፋንበት። አዴ ሙሚና ቢስሚላህ ብለው መጀመሪያ ጎረሱ፤ ለውባለምም አጎረሷት። ብዙ አልበሉም። ሲጨርሱ ዱዓ አደረጉልን፤ እኔም በልቤ አባታችን ሆይ አልኩ።

ሲነሱ ወጭቱ ለመጪው ዓመት የማን ተራ እንደሆነ ጠየቁ። የዘሀራ ነበር።

"ውባለም ትያዘው" አሉ።

ዘሀራ፣ "ዶሮ የጨመረችበትን ነው የሚሰጧት?" አለች።

"ለዚያ ነው። ከእንግዲህ ከሁላችሁ ይልቅ የምትጠነቀቅ እሷ ናት።"

እንዳሉትም ሆነ። ውባለም በተራዋ ወጭቱን ስታስቀምጥ እንኳን ዶሮ፣ እንቁላልም በአጠገቡ አታሳልፍም ነበር። ዘሀራ እስከ ዛሬ ትስቅባታለች።

አዴ ሙሚና በሳምንቱ ድሬዳዋ ሄዱ። በስልክ ስንጠያየቅ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ስለ ወጭቱ ይጠይቁኝ ነበር። "ትመቺዋለሽ?" ይላሉ፤ ማለት በጣት። እመታዋለሁ እላለሁ። "ምን ይላል?" ይላሉ። ደህና ነው እላለሁ። ሰው እንደሚጠያየቅ ነው።

ለለቅሶ እኔ፣ ዘሀራና ውባለም አብረን ድሬዳዋ ወረድን። ነጅማ አቅፋ ሳመችን። ሰው ሲቀልል ከአልጋ ሥር አንድ ቋጠሮ አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችው። ሻሹን አወቅሁት። ስፈታው ውስጡ ቀይ ዱቄት ነው፤ እንደ ጤፍ የደቀቀ።

"ክዳኑ ነው" አለች ነጅማ። "በረንዳ ላይ ተቀምጣ በድንጋይ ታደቅቀው ነበር። ትንሽ ትፈጫለች፣ እጇ ሲታመም ትተዋለች፣ በማግስቱ ትቀጥላለች። ጭቃ አምጪልኝ ብላ ለምናኝ አመጣሁላት። ሞከረች። አልሆነም። ይሄ ለፈላናዎቹ ይድረስ አለችኝ።"

ውባለም ቋጠሮውን ከእጄ ተቀብላ እስከ ሐረር ድረስ ጭኗ ላይ ይዛው መጣች።

ሸዋ በር ገበያ ላይ ሸክላ የምታወርድ አንዲት ሴት አለች። ዱቄቱን አሳየናት፤ በሁለት ጣቷ አሸት አድርጋ፣ ይህን ያህል ያደቀቀው ማን ነው አለች። ነገርናት። ታውቃቸው ኖሯል። ከአዲሱ ጭቃ ጋር ቀላቅዬ ክዳን አደርገዋለሁ፣ ጭቃው ሳይደርቅ ግን ኑ አለችን። በቀጠሮው ሄድን። እኔ ዳዊቴ ውስጥ ያለውን የዘንድሮውን ዘንባባ ይዤ ሄድኩ። ዘሀራ የስፌት ቁራጭ ይዛ መጣች። ግማሹን እኔ አተምኩት፣ ግማሹን እሷ።

ሁለቱ የሚገናኝበት ቦታ ላይ ስንደርስ የፊተኛውን ነግረናት ስለነበር፣ ሴትዮዋ አውራ ጣት እናኖርበት እንደሆነ ጠየቀችን። ዘሀራ ውባለምን አየቻት። ውባለም አይሆንም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ልሙጡን ተውነው።

እሳቱ ሰጠን። ክዳኑ ቀይ ነው፤ ወጭቱ በአንድ ጎኑ እንደጠቆረ ነው። ትንሽ አይመሳሰሉም፤ ግን ይገጥማሉ። ስንከድነው ልሙጡ ቦታ በትክክል አዴ ሙሚና ጣታቸውን ከተጫኑበት በላይ ያርፋል። ገንፎ ይዘን ስንወጣ በዚያ በኩል ነው የምንይዘው።